ከሪፖርቱ በፊት እጃቸውን እይ

ወንድሜ፣ «10ኛ ክፍል ኬሚስትሪ አስተምራለሁ፤ አንዱ ሴክሽን 64 ተማሪ አለው። የእያንዳንዱን ተማሪ የላብ ክህሎት የምከታተልበት የኤክሴል ፎርማት ያላችሁ ላኩልኝ» ብለህ የጻፍከውን አይቼ ዝም ብዬ ማለፍ አልሆነልኝም። ፎርማት መላክ ቀላል ነው። እኔ ግን ለዘጠኝ ዓመት ያህል የሚያምር ፎርማት እየሞላሁ ተማሪዎቼን ስበድል ኖሬያለሁና መጀመሪያ እሱን ልንገርህ።

1. የቡድን ሪፖርት አርመህ ለሁሉም እኩል ማርክ አትስጥ። እኔ እንደዚያ ነበር የማደርገው። 64ቱን ለስምንት ቡድን እከፍላቸዋለሁ፣ ላቡን ይሠራሉ፣ ሪፖርት ያስገባሉ፣ እኔም 9 ከ10፣ 10 ከ10 እያልኩ ለስምንቱም እሞላለሁ። ማርክ ሊስቱ ንጹሕ ነው፤ ተከታታይ ምዘናው ተሟልቷል፤ ሱፐርቫይዘር ሲመጣ «እንደዚህ ያዙ» እየተባለ ለሌሎች የሚታየው የእኔ ፋይል ነበር።

አንድ ዓመት ዩኒቨርሲቲ የገባች ተማሪዬ ለእረፍት ስትመጣ ልትጠይቀኝ ትምህርት ቤት ጎራ አለች። ከክፍሏ አንደኛ የምትወጣ ልጅ ነበረች። «ኬሚስትሪ እንዴት ነው?» ስላት አንገቷን ደፋች። የመጀመሪያው ላብ ላይ ቡሬት (ጭረት ያለበት፣ ከታች በመክፈቻ ፈሳሽ የሚያንጠባጥብ ረጅም የመስታወት ቱቦ) እንድትሞላ ታዘዘች። የታችኛው መክፈቻ ክፍት መሆኑን ሳታይ ከላይ ትጨምራለች፣ ሶዲየም ሃይድሮክሳይዱ (ቆዳ የሚያቃጥል ኬሚካል ነው) ጠረጴዛው ላይ ይፈስሳል። ላቡን የሚያሠራው ሰው «ለመሆኑ የት ነው የተማርሽው?» ብሎ በሰው ሁሉ ፊት ጮኸባት። እኔን አልወቀሰችኝም። «ቲቸር፣ እርስዎ እኮ ላብ ላይ 10 ከ10 ነበር የሰጡኝ» አለችኝ፣ በቃ።

«በቡድናችሁ ቡሬቱን ማን ነበር የሚይዘው?» ብዬ ጠየቅኳት። ሁልጊዜ አንድ ልጅ ነበር፤ እሷ ጽሑፏ ስለሚያምር ሪፖርት ትጽፋለች። ሌሎች ሁለት ሴቶች ዕቃ ያጥባሉ። የቀሩት ያያሉ። እኔ ደግሞ ለስምንቱም «ታይትሬሽን ይችላሉ» (አንዱን ፈሳሽ በቡሬት ወደ ሌላው ጠብታ በጠብታ እየጨመሩ መጠኑን መለካት) ብዬ ፈርሜያለሁ። ያን ቀን ማታ የድሮ ማርክ ሊስቶቼን አውጥቼ አየኋቸው፤ የዘጠኝ ዓመት ማርክ የአንድ እጅ ማርክ ነው። ሄደህ የራስህን ክፍል እይ፤ ዕቃ የሚያጥቡት እነማን እንደሆኑ ቁጠር። በእኔ ክፍል ሁልጊዜ ሴቶቹ ነበሩ።

2. ክህሎቱን ለሁለት ክፈለው፦ ዱካ የሚተውና ዱካ የማይተው። ይህን ማንም አላስተማረኝም፤ ራሴ ነኝ የደረስኩበት፤ 64 ተማሪ ላይ ሊሠራልህ የሚችለውም ይሄ ነው።

ዱካ የሚተወው ቁጥር ሆኖ ወረቀት ላይ ይቀራል። ለምሳሌ ልኬት ማንበብ። ጠረጴዛ ላይ አራት የመስታወት መለኪያ ሲሊንደር በተለያየ መጠን ውሃ ሞልቼ አስቀምጣለሁ፤ ተማሪው እየዞረ ያነብና በቁራጭ ወረቀት ጽፎ ይሰጠኛል። 64ቱም በአንድ ፔሬድ ያልቃሉ። ስህተቱ ራሱ ይነግርሃል፦ ዓይኑን ከፈሳሹ ጋር እኩል ያላደረገው ልጅ ይታወቃል፤ 10 ሚሊ ሊትሩ ሲሊንደር ላይ አንዷ ጭረት 0.2 መሆኗን ሳያይ 0.1 ብሎ የቆጠረውም ይታወቃል። ቡሬት ላይ ደግሞ ዜሮው ከላይ መሆኑን የረሳ ልጅ 23.4 የሚለውን 24.6 ብሎ ይጽፋል፤ ከ24 ተነስቶ ወደ ላይ ስለሚቆጥር ነው። ይህን ቁጥር አንዴ ካየህ ልጁ የሳተበትን ቦታ በትክክል ታውቃለህ። ታይትሬሽንም እንዲሁ ነው፤ ሦስት ጊዜ ሠርቶ ውጤቶቹ በ0.1 ሚሊ ሊትር ውስጥ ከተቀራረቡ እጁ ረግቷል ማለት ነው።

ዱካ የማይተወውን ግን ቆመህ በዓይንህ ካላየህ ሪፖርት አይነግርህም። ቡሬቱን በሚሞላበት ፈሳሽ አስቀድሞ አለቅልቋል? ፈኑሉን ከማንበቡ በፊት አንስቷል? ጫፉ ላይ የቀረችውን የአየር አረፋ አስወጥቷል? ፊኖልፍታሊኑ (ቀለሙን ቀይሮ መቆሚያውን የሚያሳየው ጠቋሚ) ወደ ፈዛዛ ሮዝ ሲጠጋ ጠብታ በጠብታ አድርጓል፣ ወይስ እንደ ቀይ ስር እስኪቀላ ለቆታል? አሲዱን ወደ ውሃ ነው የጨመረው ወይስ ውሃውን ወደ አሲድ? የመጨረሻዋ ላይ ቀልድ የለም፤ እሷን የሳተ ልጅ እኔ ጋ በዚያ ቀን ወደ ሌላ ሥራ አያልፍም።

ይህን ሁሉ በ40 ደቂቃ በ64 ተማሪ ላይ ለማየት አትሞክር። እኔ ሞክሬ አንዱንም በደንብ ሳላይ ወጥቻለሁ። አሁን በአንድ ላብ አንድ ክህሎት ብቻ እመርጣለሁ፤ ስምንት ልጆች እመርጣለሁ፣ ከየቡድኑ አንድ። ሌላው ሥራውን ይቀጥላል፣ የእኔ ዓይን ግን ስምንቱ ላይ ነው። በሚቀጥለው ላብ ሌላ ስምንት። የሚታየው ክህሎት ምን እንደሆነ ቀደም ብዬ ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ፤ ደብቆ መያዝ አልወድም፣ ቤታቸው አስበውበት ቢመጡ ደስታዬ ነው። ማን እንደሚታይ ግን የሚታወቀው እዚያው ነው። ስለዚህ አንዱ ልጅ ብቻ ዕቃውን መያዝ አቆመ፤ ቡድኑ ራሱ «አንቺም ሞክሪ፣ ዛሬ አንቺ ብትሆኚስ?» ማለት ጀመረ።

3. ለእያንዳንዱ ተማሪ የማኒላ ወረቀት ቁራጭ ካርድ። አሥር ክህሎት ወደ ታች፣ ቀን ወደ ጎን። የምጽፈው ሦስት ፊደል ነው፦ «ብ» ብቻውን ሠራ፣ «እ» በእርዳታ ሠራ፣ «ገ» ገና ነው። ማርክ የሚመጣው ሴሚስተሩ ሲያልቅ ነው፤ እያንዳንዷ «ብ» አንድ ማርክ፣ ከአሥር። «ገ» ያለበት ልጅ በፈለገበት ቀን መጥቶ ይሞክራል፣ የሚያዘውም የመጨረሻው ነው።

በዚህ ጉዳይ ቢሮ ጠብ ይጠብቅሃል፣ ተዘጋጅ። እኔን አንድ ኃላፊ ጠርቶ «ይሄ ፊደል ምንድነው? ማርክ ሊስት ላይ ቁጥር ነው የሚሞላው፤ ደግሞ ሦስት ጊዜ ከተሞከረ አማካዩ ይያዛል» አለኝ። መኪና መንዳት የሚማር ሰው መጀመሪያ ቀን ሞተር ስላጠፋ ከመንጃ ፈቃዱ ላይ ይቀነስበታል ወይ ብዬ ጠየቅኩት። መልስ አልሰጠኝም፤ ካርዶቹን ጠረጴዛው ላይ ገፍቶ «ሥራ አታብዢብን» ብሎ ወደ ስልኩ ዞረ። ወጥቼ ኮሪደር ላይ እንባዬ መጣ፤ አልደብቅህም። ነገር ግን አልተውኩትም። ቁጥሩን ለእነሱ ሮስተር ሞላሁ፣ ካርዱን ለልጆቹ ያዝኩ። አንተም እንዲሁ አድርግ።

4. ስቶር። እዚህ ላይ ነው ከኪሴ የወጣው። ትምህርት ቤታችን ሦስት ቡሬት ነበረው፤ ከነካርቶናቸው፣ ቁጥር ተለጥፎባቸው። ንብረት ክፍሉ «ኢንስፔክሽን ሲመጣ ይታያሉ» ይለኛል። በሞዴል 20 ጠይቄ፣ በሞዴል 22 በስሜ ፈርሜ አወጣሁ። በሁለተኛው ሳምንት አንድ ልጅ ሲያጥብ አንዱን ሰበረው። ልጁ ተንቀጠቀጠ፤ «አይዞህ፣ ዕቃ ነው» አልኩት። ንብረት ክፍሉ ግን «የፈረምሽው አንቺ ነሽ» ብሎ ከደመወዜ አስቆረጠ። ከገንዘቡ ይልቅ ያንገበገበኝ ከዚያ በኋላ በዲፓርትመንታችን ቡሬት ሊያወጣ የሚፈርም መምህር መጥፋቱ ነው። ሁለቱ ለጊዜው እንደገና ካርቶን ውስጥ ገቡ።

ስለዚህ ምንም ዕቃ ሳትፈርም በፊት ዲፓርትመንቱን ሰብስበህ ቃለ ጉባኤ ያዝ፦ በላብ ሥራ ላይ በተማሪ እጅ የሚሰበር ዕቃ እንደ አላቂ ዕቃ ተቆጥሮ ከስኩል ግራንት (ለትምህርት ቤቱ ከሚመደበው ድጎማ) ወይም ከውስጥ ገቢ ይተካል ብላችሁ። ርዕሰ መምህሩ ፈርሞ ማኅተም ይምታበት። አንድ ኮፒ ለራስህ። እኔ ይህን ያደረግኩት ከተቆረጠብኝ በኋላ ነው፤ አንተ አስቀድመው።

ቡሬት እስኪገኝ ደግሞ እጅህን አጣጥፈህ አትቀመጥ። ከፋርማሲ መርፌ የሌለው 5 ሚሊ ሊትር ስሪንጅ ግዛ። ጠርሙሱ ላይ 5 በመቶ የሚል አቼቶ አሥር ጊዜ አቅጥነህ 5 ሚሊ ሊትር ውሰድ፤ ሁለት ጠብታ ፊኖልፍታሊን ጨምርና 0.1 ሞላር ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ በስሪንጁ ጠብታ በጠብታ ጨምርበት። ከ4 ሚሊ ሊትር ትንሽ አለፍ ሲል ሮዝ ይሆናል። ለልጆቹ መነጽርና ጓንት ባይኖርህ እንኳ ፈሳሹን ራስህ ቀምመህ አምጣ እንጂ ጠጣሩን ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ በእጃቸው አታስነካ። አሥራ ስድስት ስሪንጅ ካለህ አንዱ ለአራት ልጅ ይደርሳል፤ በሦስት ቡሬት መቼም የማታገኘው ነገር ነው። ጠብታ መቆጣጠርን፣ ከጭረት ላይ ማንበብን፣ አረፋ ማስወጣትን እዚያው ይለምዱታል፤ ካርዱ ላይም በዚያው መሙላት ትችላለህ።

ማትሪክ ላይ ላብ ስለማይፈተን «ለምን ትደክሚያለሽ?» የሚሉኝ ባልደረቦች አሉ፤ አንተንም ይሉሃል። ባለፈው ዓመት ልኬት ማንበብ ላይ ሦስት ጊዜ «ገ» የጻፍኩበት ልጅ ነበር። በሻይ ሰዓት በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። ቡሬቱ ላይ 17.8 ነበር የሞላሁለት። ጎንበስ አለ፣ አንድ ዓይኑን ጨፈነ፣ ከላይ ወደ ታች በጣቱ እየቆጠረ ወረደና «አሥራ ሰባት ነጥብ ስምንት» አለ። «ብ» ስጽፍለት ካርዱን ከእጄ ነጥቆ ወደ ጓደኞቹ ሮጠ።

የካርዱን ፎቶ እዚሁ ከሥር አስቀምጥልሃለሁ፤ ኤክሴል አይደለም፣ በማስመሪያ የተሰመረ ነው። አሥሩን ክህሎት እንዳለ አትገልብጥ፤ በዚህ ሴሚስተር የምታሠራቸውን ላቦች ዘርዝርና ከእነሱ አውጣ። የመጀመሪያውን ሳምንት በሲሊንደር ንባብ ጀምር፤ ውሃ ብቻ ነው የሚፈልገው፣ ማስፈረምም የለበትም።