የመጀመሪያዎቹ አሥራ አንድ ክፍሎች የት ገቡ?

ጥያቄ፦

ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ሻርጃ ሰው ቤት ነው የምሠራው። ልብስ የምተኩሰው ማታ ማታ ነው። ያን ሰዓት አንድ የአማርኛ ፖድካስት ጆሮዬ ላይ ከሌለ ሥራው አይገፋልኝም። የሚያዘጋጁት ሁለት ወንድማማቾች ናቸው፤ ስላደጉበት ሰፈር ያወራሉ። አምና ስልኬ ወድቆ ስክሪኑ ተሰበረና አዲስ ገዛሁ። እንደገና ከመጀመሪያው ልስማ ብዬ ስከፍት ከክፍል 12 በፊት ያለው የለም። ክፍል 4 ላይ እናታቸው ስለ ቡና ያወራሉ። አነጋገራቸው ቁርጥ የእናቴ ነው። እሱን ካልሰማሁ ደስ አይለኝም። ቴሌግራም ላይ እንደኔ የሚፈልጉ ብዙ ሰዎች አሉ። «ማን ጋ አለ?» እየተባባልን ስድስት ወር ሆነን። አንዱ ደግሞ «እኔ ጋ አለ፣ 100 ድርሃም ላኪ» ብሎኛል። ልላክለት?

መልስ፦

እንዳትልኪ፣ እህቴ። ድምፁ በእጁ ያለ ሰው አሥር ሰከንድ ቆርጦ ማሰማት አያቅተውም። «የክፍል 4ን መጀመሪያ አሰማኝ» በይው። ሰበብ ካበዛ የለውም።

አሁን ወደ ፍለጋው እንግባ። ሃያ ምናምን ዓመት ሬዲዮ ጣቢያ ውስጥ ድምፅ ስቀዳና ስቆርጥ ኖሬያለሁ። የጠፋ ድምፅ መፈለግ የጀመርኩት ግን ከዚያ በፊት ነው። እሱን ኋላ እነግርሻለሁ።

በመጀመሪያ እንዴት እንደጠፉ እንወቅ። ፖድካስት የሚሰማባቸው አብዛኞቹ አፖች ድምፁን ራሳቸው አያስቀምጡትም። ድምፁ ያለው አዘጋጆቹ ቦታ በተከራዩበት፣ ሰርቨር በሚባል የኢንተርኔት ኮምፒውተር ላይ ነው። አፑ የሚያነበው ፊድ የሚባል ዝርዝር ነው። ዝርዝሩ ላይ የክፍሉ ስም፣ የወጣበት ቀንና የድምፁ አድራሻ ተጽፏል። ስለዚህ አንድ ክፍል «ጠፋ» ሲባል ዝርዝሩ አጥሮ ሊሆን ይችላል፤ አንዳንድ ፊድ የቅርቦቹን ብቻ እንዲያሳይ ተደርጎ ይስተካከላል፣ ድምፁ ግን ሰርቨሩ ላይ ቁጭ ብሏል። ወይም አዘጋጆቹ ኪራይ መክፈል አቁመው ወደ ሌላ ሰርቨር ሲዛወሩ የድሮውን ጥለውት ሄደዋል። ወይም አውቀው አጥፍተውታል። የመጀመሪያው ከሆነ ዕድለኛ ነሽ።

እዚህ ላይ የሚያግዝሽ ኢንተርኔት አርካይቭ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 ሳን ፍራንሲስኮ የተቋቋመ፣ ለትርፍ የማይሠራ ቤተ መጻሕፍት ነው። ዌይባክ ማሽን የሚባለው አገልግሎቱ የድረ ገጾችን የድሮ ቅጂ ያስቀምጣል፤ እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ ለማንም በነፃ ክፍት ነው። የፖድካስቱን ፊድ አድራሻ እዚያ አስገቢና ክፍሎቹ የወጡበትን ሰሞን ምረጪ። የሚከፈትልሽ ዝብርቅርቅ ያለ ጽሑፍ ነው፤ አትደንግጪ። «ኤምፒ3» (mp3) በሚል የሚያልቀውን አድራሻ ብቻ ፈልጊ። እሱን ኮፒ አድርገሽ በቀጥታ ክፈቺው። እምቢ ካለሽ ያንኑ አድራሻ መልሰሽ ዌይባክ ማሽን ላይ ሞክሪ። አንዳንዴ ድምፁም አብሮ ተቀምጦ ይገኛል።

አንዳንዱ አድራሻ ደግሞ ፊቱ ላይ የሌላ ድርጅት አድራሻ ተለጥፎበታል። አድማጭ የሚቆጥር ድርጅት ነው። ቆጣሪው ሥራ ካቆመ ድምፁ እያለ ሊንኩ የሞተ ይመስላል። የፊተኛውን ቁረጪና የኋለኛውን ብቻ ክፈቺ። የክፍል 12 ፋይል ስም መጨረሻው ላይ 12 የሚል ቁጥር ካለው ደግሞ በ04 ቀይረሽ ሞክሪ። እኔ በዚህ መንገድ የአንድ ፕሮግራም ዘጠኝ ክፍሎችን በአንድ ምሽት አውርጃለሁ።

የፊደሉም ነገር አለ። በአማርኛ ስትፈልጊ አንድ አጻጻፍ ይዘሽ አትቅሪ። አንቺ «ፀሐይ» ያልሽውን ሌላው «ጸሐይ»፣ ሌላው «ፀሀይ»፣ ሌላው «ጸሃይ» ብሎ ጽፎታል። «ክፍል 4» የሚል አለ፣ «ክፍል አራት» የሚል አለ፣ «ክፍል ፬» የሚልም አይጠፋም። በእንግሊዝኛ ፊደል አማርኛ የሚጽፈውማ ስንቱ ነው! ሁሉንም ሞክሪ።

ይህ ሁሉ ሆኖ ባይሳካልሽ ተስፋ አትቁረጪ። እኔ እስከማውቀው የጠፋ ድምፅ በብዛት የሚገኘው ሰው ቤት ነው።

የእንግሊዙ ቢቢሲ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹና በ70ዎቹ ብዙ የቴሌቪዥን ቴፖቹን አጥፍቶ ሌላ ቀድቶባቸዋል። ቴፕ ውድ ነበር፣ ማስቀመጫውም ጠባብ። «ዶክተር ሁ» የሚባለው ተከታታይ ድራማ በዚህ የተነሳ ብዙ ክፍሎቹን አጣ። ወዳጆቹ ግን ፍለጋውን አልተዉም። እ.ኤ.አ. በ2013 ዘጠኝ የጠፉ ክፍሎች ናይጄሪያ ውስጥ፣ ጆስ ከተማ ባለ የቴሌቪዥን ጣቢያ ዕቃ ቤት መገኘታቸው ተነገረ። እኔን ከዚህም በላይ የሚገርመኝ ሌላ ነው። ምስላቸው ያልተገኘ ክፍሎች ሁሉ ድምፃቸው አለ። ያኔ ቴፕ ከቴሌቪዥኑ ጎን አስቀምጠው፣ ቤተሰቡን ዝም አሰኝተው የሚቀዱ ልጆች ስለነበሩ ነው።

ለንደን ውስጥ ደግሞ ሪኪ ጀርቬስና ስቲቨን መርቻንት የሚባሉ ኮሜዲያኖች ከፕሮዲውሰራቸው ከካርል ፒልኪንግተን ጋር ኤክስኤፍኤም በሚባል ሬዲዮ ጣቢያ በየቅዳሜው ያወሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2005 መጨረሻ ፖድካስት ጀምረው ዝናቸው ሲገን አዲሱ አድማጭ የድሮውን የሬዲዮ ወሬ መፈለግ ያዘ። ዛሬ ከእጅ እጅ የሚዞረው ቅጂ ብዙው ተራ አድማጮች ቤታቸው ከሬዲዮ የቀዱት ነው።

የኔንም ልንገርሽ። አባቴ ሬዲዮ ላይ ትረካ ሲመጣ ቴፑን ያስጠጋና ሁለቱን ቁልፎች አንድ ላይ ይጫናል። ከዚያ ጉሮሮውን ጠርጎ «ዛሬ እሑድ ነው፤ ዝናብ ይዘንባል» ይልበታል። ሁልጊዜ እንደዚያ ነበር፣ ቀኑንና የአየሩን ሁኔታ። ቀድቶ ሲጨርስ የካሴቱን ጀርባ ሁለት ትንንሽ ጥርሶች በቢላዋ ጫፍ ይሰብራቸዋል። እነሱ ከተሰበሩ ማንም በላዩ አይቀዳበትም። እኔ በአሥራ አራት ዓመቴ ቀዳዳውን በወረቀት ወትፌ ዘፈን ቀዳሁበት። አባቴ ምንም አላለኝም። ከብዙ ዓመት በኋላ ትረካውን ፈልጌ አገኘሁት። ድሬዳዋ የሚኖሩ አንዲት እናት ካሴታቸውን አዋሱኝ። መሃሉ ላይ የእሳቸው ቤት ዶሮ ይጮሃል፣ ሕፃን ያስላል፣ አንዲት ሴት «በሩን ዝጊው» ትላለች። ትረካው ቃል በቃል ያው ነው። የአባቴ ድምፅ ግን የትም የለም። እሱን የቀዳ ሌላ ሰው አልነበረም።

ስለዚህ እህቴ፣ አጠያየቃችሁን ቀይሩት። «ማን ጋ አለ?» ሲባል ሰው እኔ ጋ የለም ብሎ ያልፋል። አብዛኛው ሰው እጁ ላይ ያለውን አያውቀውም። «ያኔ የነበራችሁን ስልክ ጥላችሁታል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ቁም ሣጥን ውስጥ የተወረወረ ስልክ፣ ጥፍር የምታህል ሚሞሪ ካርድ፣ ወንድም የተወው ላፕቶፕ ይፈተሽ። በድሮው አንድሮይድ ስልክ ላይ ቴሌግራም ያወረደውን ድምፅ «ቴሌግራም ኦዲዮ» የሚል ፎልደር ውስጥ ያከማች ነበር። ኮምፒውተር ላይ በአይቱንስ ይሰሙ የነበሩ ካሉ የአይቱንስ ፎልደር ውስጥ «ፖድካስትስ» የሚል አለ።

ያ የተሰበረ ስልክሽስ? ስክሪኑ ነው የተሰበረው አልሽኝ። ክፍሎቹን አውርደሽ ትሰሚ ከነበረ ውስጡ ሊኖሩ ይችላሉ። አትጣይው። ስክሪን የሚቀይር ሰው ጋ ውሰጂውና «ዳታውን እንዳትነካ፣ ሪሴት እንዳታደርግ» በይው፤ ይህን ሁለት ጊዜ ደግመሽ ንገሪው። ደግሞ አስቢ፣ ክፍል 4ን ያኔ ለማንም አልላክሽም? እናትን የሚያስታውስ ድምፅ ሰምቶ ለእህት የማይልክ ሰው ብዙ አላውቅም። በቴሌግራም ፎርዋርድ አድርገሽ ከሆነ ዋናው ቻናል ላይ ቢጠፋም እናንተ ጋ ብዙ ጊዜ ይቆያል። ከእህትሽ ጋር ያወራችሁበትን ክፈቺ፣ ቀኑን ስትነኪው ካላንደር ይመጣልሻል፣ ወደዚያ ሰሞን ዝለይ።

ያገኘሽ ዕለት ግን ቶሎ ብለሽ ዩቲዩብ ላይ እንዳትጭኚው። መጀመሪያ ለወንድማማቾቹ ጻፊላቸው። የሚያወሩት የገዛ እናታቸው ናቸው። ምናልባት እናትየው «አጥፉልኝ» ብለው ይሆናል። ምናልባት ደግሞ ልጆቹ ራሳቸው ቅጂው ጠፍቶባቸው እየተቆጩ ነው። የትኛው እንደሆነ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ለእኔ የጻፍሽልኝን ያንኑ ስለ እናትሽ ያልሽውን ጻፊላቸው፤ ሌላ ማባበያ አያስፈልግም። እንዲያውም ፍለጋውን ከመጀመርሽ በፊት ዛሬ ማታ ጻፊላቸው።

ጥያቄ፦

ፖድካስት አዘጋጃለሁ። የመጀመሪያዎቹን ስምንት ክፍሎች አጥፍቻቸዋለሁ። ድምፁ ቱቦ ውስጥ ሆኜ የማወራ ነው የሚመስለው፤ አማርኛዬም ይንተባተባል። አሁን አድማጮች በየቀኑ «የድሮውን መልስ» ይሉኛል። የመመለስ ግዴታ አለብኝ? — ከአዲስ አበባ

መልስ፦

የለብህም፣ ወንድሜ። ሥራው ያንተ ነው። ሰው ፊት አላቀርበውም ማለት መብትህ ነው።

ግን አንድ ነገር አጥብቄ ልለምንህ። ካጠፋኸው ቦታ ሌላ ፋይሉ አለህ? እኔ በሠራሁበት ጣቢያ አዲስ ቴፕ የሚገዛበት ገንዘብ ሲያጥር የድሮውን ሪል አምጥተን በላዩ እንቀዳ ነበር። በእጄ ያጠፋኋቸውን ድምፆች ዛሬ ሰዎች ይጠይቁኛል። አንዱን እንኳ መመለስ አልችልም። ያኔ ማንም ይፈልጋቸዋል ብሎ ያሰበ አልነበረም።

ትልቅ ድርጅት ሰርቨር ላይ ነው ያለው ብለህም አትተማመን። ማይስፔስ የሚባለው ማኅበራዊ ድረ ገጽ ሰርቨር ሲያዛውር ከ2015 በፊት ሰዎች የጫኑት ሙዚቃ እንደጠፋ እ.ኤ.አ. በ2019 አመነ። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ የተጫነ ማለት ነው። በኋላ ወደ 490,000 የሚጠጉ ዘፈኖች ተመልሰው ኢንተርኔት አርካይቭ ላይ ወጡ። እነሱም የተረፉት አጥኚዎች ለራሳቸው ሥራ ብለው ቀድመው ስላወረዷቸው ነው።

ስምንቱን ክፍሎች ሁለት ቦታ አስቀምጥ፤ አንዱ ፍላሽ ላይ፣ ሌላው ካንተ ቤት ውጭ፣ እናትህ ቤትም ቢሆን። ስማቸውን «ድምፅ 1፣ ድምፅ 2» ብለህ አትተው። ቀኑን፣ የክፍሉን ቁጥርና አብሮህ ያወራውን እንግዳ ስም ጻፍበት። ልመልሳቸው ካልክ ደግሞ ፊታቸው ላይ ሰላሳ ሰከንድ ቀድተህ ጨምር፦ መቼ፣ የት፣ በምን ስልክ እንደቀዳኸው ተናገር። አድማጭ ያንን ከሰማ የቱቦውን ድምፅ ይቅር ይልሃል።

ፋይሎቹ የሉኝም የምትል ከሆነ የመጀመሪያዎቹን የቆራረጥክበትን ላፕቶፕ ሳትሸጠው አንዴ ክፈተው። ሪሳይክል ቢኑንም አትርሳ።