ዲሲ አካባቢ ልጅ ይዞ ማደሪያ ላጣ ሰው

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። የሦስት ዓመት ልጅ ይዘሽ የአክስትሽ ልጅ ጋ ተጠግተሻል። አከራይዋ እስከ ዓርብ ውጡልኝ ብሏል። ሼልተር (የቤት አልባዎች መጠለያ) ብሄድ ልጄን ይወስዱብኛል ወይ ነው ያልሽው። እኔም ልጆች ይዤ አልፌበታለሁ፣ ከዚያ ወዲህም አብሬ እየሄድኩ ለሌሎች አስተርጉሜያለሁ።

አይወስዱብሽም። በዲሲ ሕግ ገንዘብ ወይም ቤት ማጣት ብቻውን ልጅን እንደ መበደል አይቆጠርም። ይሄ ፍርሃት ስንቱን እናት መኪና ውስጥ አሳድሯል መሰለሽ!

ልጅ ያለው ሰው የሚሄደው ቨርጂኒያ ዊሊያምስ የሚባለው የቤተሰብ ማዕከል ነው። 64 ሮድ አይላንድ አቬኑ፣ ኖርዝ ዌስት። ብቻውን የሆነ ሰው በቀጥታ ሼልተር ይገባል፣ ለምሳሌ ወንዶች አዳምስ ፕሌስ፣ ሴቶች ሃሪየት ተብማን። አንቺን ግን እዚያ አያስገቡሽም፣ ስለዚህ አትንከራተቺ። ቢሮው ከተዘጋ በ202-399-7093 ደውዪ፣ 24 ሰዓት ይሠራል። ቅዝቃዜው 32 ፋራናይት ወይም ከዚያ በታች ሲሆን ሌላ ማደሪያ የሌለውን ሰው ማስጠለል የከተማው ግዴታ ነው። ዲሲ ጀነራል የሚባለውን የድሮ ትልቅ የቤተሰብ ሼልተር ወሬ ሰምተሽ ከሆነ ደግሞ እሱ በ2018 ተዘግቷል። አሁን ቤተሰብ የሚያርፍባቸው አነስ ያሉ ሕንፃዎች በየሰፈሩ አሉ።

አሁን ዋናው ነገር። እኛን የሚጎዳን ይሉኝታ ነው። የማዕከሉ ሠራተኛ ትናንት የት አደርሽ ብላ ትጠይቅሻለች። የኛ ሰው ምን ይላል? «ዘመድ ጋ ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ።» እሷም ማደሪያ አላት ብላ ትጽፋለች። አለቀ፣ ወደ ቤትሽ። ይሄንን ዓይኔ እያየ አንዲት እናት ላይ ሲደርስ፣ ከጎን ሆኜ እጇን ስቆነጥጣት ነበር። ስለዚህ እንዲህ በዪ፦ «ትናንት ዘመድ ጋ አደርኩ፣ ከዓርብ በኋላ ግን ውጡ ተብለናል፣ ሌላ የምንገባበት የለም።» ለዘመድሽም ሊደውሉ ስለሚችሉ ቀድመሽ ንገሪያት። አፍራ «ኧረ ግድ የለም፣ ትቆይ» ካለች ጉድ ሆንሽ። ከቤት ያስወጣሽ ዱላ ከሆነም አትደብቂ፣ ለዚያ ሌላ መንገድ አለ።

አስተርጓሚ ጠይቂ። ከ2004 ጀምሮ በዲሲ ሕግ የመንግሥት ቢሮዎች አስተርጓሚ በነፃ ማቅረብ አለባቸው፣ አማርኛ ደግሞ እዚህ በደንብ የሚታወቅ ቋንቋ ነው። «አማሪክ» ካልሽ ይበቃል። ስልኩን ስፒከር ላይ አድርገው ጠረጴዛው መሃል ያስቀምጡታል፣ አስተርጓሚው ከየት እንደሚያወራ እንኳን አታውቂም። እኔ ይሄን ከሰፈር ሰው እመርጣለሁ። የሰፈር ሰው ነገ ቤተ ክርስቲያን ታገኚዋለሽ። (አዎ፣ እኔም የሰፈር ሰው ነኝ።)

የልጅሽን የልደት ወረቀት፣ መታወቂያሽን፣ ዲሲ እንደምትኖሪ የሚያሳይ ማንኛውንም ደብዳቤ ያዢ። መጀመሪያ ካለሽበት እንዳትወጪ የሚረዳውን ፕሮግራም ሊያቀርቡልሽ ይችላሉ። አባረሩኝ ብለሽ አትቀየሚ፣ እንደኔ እንደኔ ከሼልተር ይሻላል።

አከራዩን በተመለከተ፣ በአፍ ውጡ ስላለ ብቻ ዕቃ አትጠቅልሉ። ዲሲ ውስጥ ያለ ፍርድ ቤት ትዕዛዝ ተከራይ ማስወጣትም ቁልፍ መቀየርም ክልክል ነው፣ ውል በጽሑፍ ባይኖርም። ትዕዛዙ ቢመጣ እንኳን የሚያስፈጽሙት ማርሻሎች (የፍርድ ቤት ትዕዛዝ የሚያስፈጽሙ የፌዴራል ፖሊሶች) ናቸው፣ ዝናብ እየዘነበም አያስወጡም። ይሄ የሚጠብቀው ግን ተከራይዋን ነው፣ አንቺ እንግዳ ስለሆንሽ ለብቻሽ የሕግ ሰው ጠይቂ። ለቤት አልባ ሰዎች በነፃ የሚሠራ ዋሽንግተን ሊጋል ክሊኒክ ፎር ዘ ሆምለስ የሚባል አለ።

አንድ ነገር ግን ግልጽ አላደረግሽም። «ዲሲ አካባቢ» ነው ያልሽው። ሲልቨር ስፕሪንግ ከሆንሽ ሜሪላንድ ነው፣ ከላይ ያልኩሽ አብዛኛው አይሠራም፣ 311 ደውለሽ ሞንትጎመሪ ካውንቲን መጠየቅ አለብሽ። ዲሲንና ሜሪላንድን ከሚለየው ከኢስተርን አቬኑ ወዲህ ነሽ ወዲያ? እሱን በውስጥ መስመር ጻፊልኝ። ሐሙስ ጠዋት ሥራ የለኝም።