ዓሣ ለማጥመድ ወደ አገር ቤት ለሚመለስ ሰው

በውጭ አገር ከሃያ ዓመት በላይ የኖሩ አንድ ወንድማችን በመጪው ጥር ወር ከጎረምሳ ልጃቸው ጋር ወደ ኢትዮጵያ ሄደው በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ላይ በመንጠቆ ዓሣ ለማጥመድ እንዳሰቡ ገልጸው፣ አገሩ ምን ያህል እንደተለወጠ፣ በወጣትነታቸው የሚያውቋቸው ሐይቆች ዛሬ በምን ሁኔታ ላይ እንዳሉና ከጉዞው ምን መጠበቅ እንዳለባቸው፣ እንዲሁም ስለ ጣናና ስለ ማጥመጃ ፈቃድ ጠይቀዋል። እኔም ኑሮዬን በስዊድን ካደረግሁ ረጅም ጊዜ ሆኖኛል። ወደ አገር ቤት በተመለስኩ ቁጥር የቤተሰብ ጥየቃውን ስጨርስ መንጠቆዬን ይዤ ወደ ደቡብ መውረድ ልማዴ ስለሆነ፣ ያየሁትን ዘርዘር አድርጌ ልጻፍ።

መንገዱንና ከተማውን ከጠበቁት በላይ ተለውጦ ያገኙታል፤ ዓሣው ግን ከጠበቁት በታች ነው። ሁለቱን ለያይቶ ማየት አይቻልም። አዲሱ መንገድ ጠዋት የተያዘውን ዓሣ ከሰዓት በፊት አዲስ አበባ ያደርሰዋል፤ በላተኛው በዝቷል፤ ሥራ ያጣ ወጣት መረብ ገዝቶ ወደ ሐይቁ ይወርዳል፤ በዳር ያለው እርሻም ውሃውን በሞተር ይስባል። በአዲስ አበባ ሳሎን ሳምንት ሙሉ ወሬ ከመስማት ይልቅ አንድ ጠዋት ሐይቅ ዳር ተቀምጦ መረብ ሲጎተት ማየት ስለ አገሩ የበለጠ ያስረዳል ብዬ አምናለሁ።

ስለ አዲስ አበባ ብዙ አልልም፤ ዘመዶችዎ ይነግሩዎታል። ፒያሳን በትዝታዎ ይዘው ከሄዱ ግን በኮሪደር ልማቱ ምክንያት የሚያውቋቸው ብዙ ቤቶች እንደሌሉ አስቀድመው ይወቁ። ወደ ደቡብ ሲወጡ የአዲስ አበባ አዳማን የፍጥነት መንገድ ይይዛሉ፤ ይህ መንገድ ከተከፈተ ወዲህ የድሮው የደብረ ዘይትና የሞጆ መጨናነቅ ለመንገደኛው ተረት ሆኗል። ከሞጆ ደግሞ ወደ ሐዋሳ የሚወስደው አዲሱ የፍጥነት መንገድ በመቂ በኩል እስከ ባቱ፣ እኛ ዝዋይ እያልን ወዳደግንበት ከተማ ያደርስዎታል። ልጅዎ በፍጥነቱ ይደሰታል። እርስዎ ግን በታጠረ አውራ ጎዳና ላይ እየበረሩ የቆቃን ድልድይ፣ ሽንኩርትና ቲማቲም የደረደሩትን የመቂ ልጆች፣ በገመድ የታሰረ ዓሣ ወደ መኪናው መስኮት የሚያነሱትን ሻጮች አያዩም። ስለዚህ በመሄጃዎ አዲሱን፣ በመመለሻዎ አሮጌውን መንገድ እንዲመርጡ እመክራለሁ።

ባቱ ሲደርሱ በመጀመሪያ የሚያስተውሉት በሐይቁ ዳር የተዘረጋውን የአበባ እርሻ የፕላስቲክ ቤት ነው። ከተማው በዚህ ሥራ ምክንያት ሰፍቷል፤ ከሩቅ ቀበሌ የመጡ ወጣት ሴቶች በጠዋት በሰርቪስ አውቶቡስ ሲጓጓዙ ይታያሉ፤ የሻይ ቤቱ፣ የፀጉር ቤቱ፣ የኪራይ ቤቱ ንግድ ሁሉ በእነርሱ ደመወዝ የቆመ ነው። ይህን በጎ ለውጥ የማይቀበል ሰው አድሏዊ ይሆናል። ነገር ግን ሐይቁ ጥልቀት የለውም፤ በአብዛኛው ቦታ ከሦስት ሜትር አይበልጥም፤ ከመቂና ከቀታር ወንዞች የሚገባው ውሃም ከላይ ጀምሮ ለመስኖ ይወሰዳል። ከሐይቁ የሚወጣው የቡልቡላ ወንዝ ሲቀንስ የሚጎዳው ደግሞ ከታች ያለው የአብያታ ሐይቅ ነው። አብያታን በልጅነትዎ አይተውት ከሆነ ዛሬ ወደ ውሃው ለመድረስ የሚራመዱት ነጭ ደረቅ ጭቃ ያስደነግጥዎታል። ለዓሣ ብለው ወደዚያ አይሂዱ።

በዝዋይ ሐይቅ ላይ ትልቁ ለውጥ የዓሣው ዓይነት ነው። እኛ ዓሣ ስንል የምናስበው ቆሮሶን ነበር፤ አሁን በጀልባዎቹ ውስጥ የሚበዙት ከውጭ የገባው ካርፕና አምባዛ ናቸው። አንድ አረጋዊ አስጋሪ ይህን ያስረዱኝ መረባቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ነው። የድሮውን መረብ ዓይን በአራት ጣታቸው ለክተው አሳዩኝ፤ ቀጥለው የጎረቤታቸውን አዲስ መረብ አንስተው ሁለት ጣታቸውን ብቻ አስገቡና ወደ ላይ ከፍ አደረጉት። ክሩ እንደ ሸረሪት ድር የቀጠነ ናይለን ነው፤ ርካሽ ነው፣ ሲቀደድ አይጠገንም፣ ተቆርጦ ውሃው ውስጥ ይቀራል። «ልጅ ያልወለደ ዓሣ እንይዛለን» አሉኝ። ትንሹን ዓሣ ወደ ውሃው እንዲመልሱ መንገር ቀላል ይመስላል፤ ሆኖም እርሳቸው የመለሱትን ማታ ሌላው እንደሚይዘው እያወቁ መመለስ ከማንኛችንም የሚጠበቅ አይደለም። ከልጅዎ ጋር ግን የሐይቁን ደሴቶች ሳያዩ አይለፉ። ከአምስቱ ትልቁ ቱሉ ጉዶ ነው፤ የዛይ ሕዝብ የኖረበት፣ የደብረ ጽዮን ማርያም ቤተ ክርስቲያን ያለበት ነው። በጀልባ ሲጓዙ ከኋላ መንጠቆ መጣል ይችላሉ።

ላንጋኖ ለቤተሰብ ነው። ውሃው ቡናማ ቢሆንም ከቢልሃርዝያ ነፃ በመሆኑ ለመዋኘት ከሌሎቹ ይመረጣል፤ በዳርቻው ያሉት መዝናኛዎች ግን በዝተዋል፣ ቅዳሜና እሑድም በአዲስ አበባ ሰው ይሞላሉ። ዓሣ የሚፈልግ ሰው በአዘቦት ቀን ይሂድ። ማታ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ በሥጋ ቁራጭ ወይም በዓሣ አንጀት አምባዛ ይያዛል፤ ለጀማሪ ልጅ ከዚህ የተሻለ ማስተማሪያ የለም፤ አምባዛ ሲጎትት ክንድ ይፈትናል።

ሐዋሳን በተመለከተ፣ ከተማውን እንደማያውቁት ቆጥረው ይግቡ። የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2008 ዓ.ም. ከተመረቀና ከተማዋ በ2012 ዓ.ም. የተመሠረተው የሲዳማ ክልል ዋና ከተማ ከሆነች ወዲህ ሕንፃውም ሕዝቡም ጨምሯል። አሞራ ገደል ግን ጠባዩን አልለቀቀም። ጠዋት ማልደው ይሂዱ። ጀልባዎቹ ሲደርሱ የዓሣው ጭነት በሸራ ላይ ይፈሳል፤ ዕድሜው ከአሥራ ሁለት የማይበልጥ ልጅ ቆሮሶውን አንስቶ ቢላውን ከጆሮው ግንድ ሥር ይሰካል፣ በጀርባ አጥንቱ በኩል እስከ ጭራው ይስባል፣ ይገለብጠዋል፣ ያንኑ ይደግማል፤ ቆዳውን በአንድ እጁ ገፍፎ ጥንዱን ፊሌቶ ወደ ሳህኑ፣ ጭንቅላቱንና አጥንቱን ወደ ኋላው ይወረውራል። ከኋላው መላጣ ራሳቸውን አቀርቅረው የቆሙት አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች መሬት ሳይነካ ይቀልቡታል። ጥሬውን በዳጣ የሚበላ እዚያው ይበላል፤ እኔ የተጠበሰውን እመርጣለሁ፤ ለልጅዎ ሆድም ይህ ይሻላል። ልጁ የሚያወጣውን ፊሌቶ መጠን ግን ልብ ብለው ይመልከቱ። ድሮ አንድ ዓሣ ለአንድ ሰው ይበቃ በነበረበት ሳህን ላይ አሁን ሦስትና አራት ይደረደራሉ።

ስለ ጫሞ ብዙ ልጽፍ እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም እውነተኛው የመንጠቆ ማጥመድ ያለው እዚያ ነው። አርባ ምንጭ ከፍታ ላይ ሆነው ሲመለከቱ የእግዜር ድልድይ የሚባለው ኮረብታ አባያንና ጫሞን ይለያቸዋል፤ አባያ ከየተራራው በሚታጠብ አፈር የተነሳ ቀይ ነው፣ ጫሞ ሰማያዊ ይመስላል። ነጭ ዓሣ የሚባለው ትልቁ የናይል ፐርች የሚፈለገው በጫሞ ነው። የአካባቢው አስጋሪዎች ሰው የሚያህል ነጭ ዓሣ ሁለት ሰው በዱላ ተሸክሞት ይወጣ እንደነበር ያወራሉ፤ አሁን እንደዚያ ያለ እንደማይገኝ የሚናገሩትም ራሳቸው ናቸው። ቢሆንም ሞተር ጀልባ ተከራይተው ቀስ እያሉ፣ ዓሣ የሚመስል ማታለያ ከኋላ እየጎተቱ ቢዞሩ ልጅዎን የሚያስጮህ ዓሣ ሊይዙ ይችላሉ። እኔ ጫሞ ላይ ባዶ እጄን የተመለስኩበት ቀን ከያዝኩበት ይበዛል፤ አልተከፋሁም።

በጫሞ አንድ ጉዳይ ላይ ድርድር የለም። ሐይቁ የአዞና የጉማሬ ነው። የአዞ ገበያ የሚባለው ቦታ ለቱሪስት የተሰጠ የማጋነኛ ስም አይምሰልዎት፤ ትልልቅ አዞዎች በዳርቻው ተደርድረው ፀሐይ ይሞቃሉ። ስለዚህ በስዊድን እንደለመድነው ከዳር ቆሞ፣ ወይም እስከ ጉልበት ውሃ ውስጥ ገብቶ መንጠቆ መወርወር ፈጽሞ አይቻልም። ልጅዎ እጁን ከጀልባው ጠርዝ አውጥቶ ውሃውን እንዳይነካ ገና ሳይነሱ ይንገሩት። ጀልባ ነጂው ወደ ሸምበቆው አልጠጋም ካለ አይጨቅጭቁት።

ጣናንም ጠይቀዋል። እምቦጭ በ2004 ዓ.ም. ገደማ ከታየ ወዲህ የሰሜን ምሥራቁን ዳርቻ ብዙ አስቸግሯል። ከዚህ ሌላ የጣና ቢጫማ ዓሦች ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ለመራባት ወደ ጉማራና ወደ ርብ ወንዞች ሲወጡ በወንዙ አፍ ላይ በመረብ ስለሚዘጋባቸው ቁጥራቸው ክፉኛ ቀንሷል። የጸጥታውንም ነገር ስለሚያውቁት፣ ወደ ባሕር ዳር ከመነሳትዎ በፊት እዚያው የሚኖር ሰው ይጠይቁ። ቀዝቃዛ ወንዝ የሚናፍቅዎት ከሆነ በንጉሡ ዘመን ከኬንያ የመጣ ትራውት የሚባል ዓሣ የተለቀቀበት የባሌው ዌብ ወንዝ በዲንሾ አካባቢ አለ፤ የብሔራዊ ፓርኩን ጽሕፈት ቤት ሳያነጋግሩ ግን መንጠቆ አይጣሉ።

ስለ ፈቃድ የጠየቁት ተገቢ ነው። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 አለ፤ ዝርዝሩን የሚያስፈጽሙት ክልሎች ስለሆኑ አሠራሩ ከቦታ ቦታ ይለያያል። እንደ ስዊድን በስልክ የዓሣ ካርድ ገዝቶ መሄድ የለም። ቀላሉ መንገድ በየሐይቁ ያለውን የአስጋሪዎች ወይም የጀልባ ማኅበር ማነጋገር ነው፤ ከማኅበሩ አባል ጋር የወጣ ሰው ማን እንደፈቀደለት የሚጠይቀው አይኖርም፣ ቢኖርም መልስ የሚሰጡት እነርሱ ናቸው፣ ገንዘቡም ለሚገባው ሰው ይደርሳል። ቢጫ ካርድ የሚባለው የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ካለዎት ይያዙት፤ በፓርክ በርና በሆቴል ክፍያ ላይ ልዩነት የሚያመጣበት ጊዜ አለ። ድሮን ግን እቤትዎ ይተዉ፤ ያለ ፈቃድ ይዘው ቢገቡ ጉምሩክ ላይ ይቀራል።

ገንዘብን በተመለከተ፣ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የያዙት ዶላር ወይም ክሮና ብዙ ብር ይሆናል፤ ይህ ግን ደስ አያሰኝም። ጀልባ ነጂው ናፍጣውን፣ መረቡን፣ ዘይቱን በዚያው ዋጋ ነው የሚገዛው። ስለዚህ ዋጋ ሲጠራ «ዲያስፖራ ስለሆንኩ ነው» ብለው ከመቆጣትዎ በፊት ነዳጁ ስንት እንደሆነ ይጠይቁት። ጥሬ ብር ይዞ መዞርም ቀርቷል። ሐዋሳ ላይ ጀልባ የቀዘፈልኝ ልጅ ስልኩን በፌስታል ጠቅልሎ ከኪሱ አወጣና ቁጥሩን ነገረኝ፤ ቴሌብር ስለሌለኝ እህቴ ከአዲስ አበባ ላከችለት፤ ዳር ሳንደርስ ገብቶለታል። ሲም ካርድዎን እንዳወጡ ቴሌብር ይክፈቱ።

ከዕቃ የሚይዙት ጠንካራ ክር፣ የተለያየ መጠን ያለው መንጠቆና ለጫሞ የሚሆን ከባድ ዘንግ ይሁን፤ ለቆሮሶ ትልና የዳቦ ሊጥ እዚያው ይገኛል። ትርፍ መንጠቆና ክር ካለዎት ሲመለሱ ለጀልባ ነጂው ይተዉለት፤ ከጉርሻ ገንዘብ ይልቅ የሚደሰትበት ጊዜ አለ። የያዙትንም ዓሣ የማይበሉት ከሆነ ለእርሱ ይስጡት እንጂ ለፎቶ ይዘው ወደ ውሃው አይመልሱት፤ ቤቱ ልጆች እየጠበቁት ዓሣ ወደ ሐይቅ ሲወረወር ማየት ይከብደዋል።

ጥርን መምረጥዎ መልካም ነው። ታኅሣሥ 19 የገብርኤል በዓል የሐዋሳን ሆቴሎች ስለሚሞላ ከዚያ በኋላ ይሻላል። ገና ካለፈ በኋላ ሰዉ ወደ ሥጋ ስለሚመለስ፣ ዐቢይ ጾም ገብቶ የዓሣ ዋጋ እንደገና እስኪንር ድረስ አስጋሪው ረፍት ያገኛል፤ ሰው ጭኖ ለመዞር ፈቃደኛ የሚሆነውም በእነዚያ ሳምንታት ነው። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ስለሚነሳ ጀልባውን ለንጋት ይከራዩ፣ ከአምስትና ስድስት ሰዓት በፊትም ከውሃው ይውጡ።