«ኢን ፋይቭ ሚኒትስ» ስንት ሰዓት ነው?

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። በስልክ ኢንተርቪው ላይ «አይ ዊል ኮል ዩ አፍተር ፋይቭ ሚኒትስ» ስትይ ሰውየው «ኢን ፋይቭ ሚኒትስ» ብሎ አረመሽ። «ከአምስት ደቂቃ በኋላ ለማለት አፍተር ካልሆነ ታዲያ ምን ሊሆን ነው?» ብለሻል። እውነትሽን ነው፣ ግራ ያጋባል። እኔ ድሬዳዋ አንድ ሆቴል ውስጥ ሪሴፕሽን ሠርቻለሁ። ይቺን ነገር ያስተማረችኝ የተናደደች እንግዳ ናት።

ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ነው። እንግዳዋ ሐረር ሄዳ ጅብ ሲበላ ልታይ ካሜራዋን አንጠልጥላ ወረደች። ሹፌሩ ጋ ደወልኩ። «በአንድ ሰዓት እደርሳለሁ» አለኝ። ሳላስብ «ሂ ዊል ቢ ሂር ኢን አን አወር» አልኳት። 11 ሰዓት ሆነ፣ የለም። 12 ሆነ፣ የለም። ስልኩም አይነሳም። በዚያ በድሬ ሙቀት በረንዳ ላይ ተቀምጣ በየደቂቃው ታፈጥብኛለች። ልክ 1 ሰዓት ሲል ሹፌሩ ፏ ብሎ መጣ። «አቦ አንድ ሰዓት ብዬህ የለ እንዴ?» የደንገጎን ዳገት ወጥተው ሐረር እስኪገቡ ጅቦቹ በልተው ሄደዋል።

አየሽ፣ ጉደኛዋ የኛዋ «በ» ናት። «በአንድ ሰዓት» ሲባል ሰዓቱ አንድ ሲል ነው ወይስ ከአሁን አንድ ሰዓት ቆጥሮ? በአማርኛ ሁለቱም ያስኬዳል። እንግሊዝኛ ግን እዚህ ጋ ድርቅ ይላል። ለሰዓቱ «አት»፣ ለቆይታው «ኢን»። የኛ ምሽት 1 ሰዓት የነሱ 7 ስለሆነ፣ ማለት የነበረብኝ «አት ሰቨን» ነው።

ወደ አንቺ ጥያቄ ስመለስ፣ የሚያሳስተን «ኢን»ን «ውስጥ» ብለን መሸምደዳችን ነው። ስለ ወደፊት ስታወሪ «ኢን ፋይቭ ሚኒትስ» ማለት አምስት ደቂቃ ሲሞላ ነው፤ የሚቆጠረው ከምትናገሪበት ቅጽበት ጀምሮ ነው። «አፍተር» የሚያምርበት ያለፈ ነገር ሲተረክ ነው፦ «አፍተር ፋይቭ ሚኒትስ ሂ ኮልድ አጌን»። ያንቺን አባባል ማንም ይረዳዋል፣ ግን ጆሮ ይጎረብጣል። ሳይሞላ ለማለት ደግሞ «ዊዝኢን» አለልሽ። «ዊዝኢን አን አወር መልሺ» ከተባልሽ በ10ኛውም በ50ኛውም ደቂቃ መላክ ትችያለሽ። 61ኛው ላይ ግን አለቀ።

«ኢን» ሌላም ሥራ አላት። «አይ ፊኒሽድ ኢት ኢን ፋይቭ ሚኒትስ» ካልሽ ለመጨረስ የፈጀብሽን ጊዜ ነው የተናገርሽው። ይቺ እንኳን ከኛ «በአምስት ደቂቃ ጨረስኩት» ጋር ስለምትገጥም አታስቸግርም።

«ፎር» ቀላል ናት፣ የቆየሽበትን ርዝመት ነው የምትናገረው። ብቻ «ከአስር ደቂቃ ጀምሮ እየጠበቅኩ ነው» የሚለውን «ሲንስ ተን ሚኒትስ» እንዳትይ። «ፎር ተን ሚኒትስ» ነው። «ሲንስ» የምትፈልገው መነሻውን ነው፣ «ሲንስ ሰቨን» እንደሚባለው።

እኔን ብዙ ያስለፋችኝ ግን «ሞመንት» ናት። «አት ዘ ሞመንት» አሁን፣ በዚህ ሰዓት ነው። «ኢን ኤ ሞመንት» ትንሽ ቆይቶ። «ፎር ኤ ሞመንት» ለአፍታ ያህል። አለቃሽን ፈልጎ ለደወለ ሰው «ሺ ኢዝ ቢዚ አት ዘ ሞመንት» ለማለት አስበሽ «ኢን ኤ ሞመንት» ካልሽው፣ ቆይታ ሥራ ሊበዛባት ነው ማለት ነው! ደግሞ «ኢን ኤ ሚኒት» ያለሽን ሰው ስልሳ ሰከንድ አትቁጠሪበት። ቤቱ ሆኖ እየለበሰ «ቀፊራ ገበያ ደርሻለሁ» የሚልሽ ጓደኛ አለ አይደል? እንደሱ ነው።

«ኦን ታይም» እና «ኢን ታይም»ንም ለዪ። የመጀመሪያው በተባለው ሰዓት ላይ፣ ሁለተኛው ነገሩ ሳያመልጥ መድረስ ነው። ሹፌራችን በራሱ ቆጠራ «ኦን ታይም» ነበር። ለጅቦቹ ግን «ኢን ታይም» አልደረሰም።

እንግዳዋ በማግስቱ ድጋሚ ልሂድ አለች። ሹፌሩን «10 ሰዓት ተኩል ላይ፤ ላይ ነው ያልኩህ» አልኩት። ዛሬም «ላይ» ሳልል ስልክ አልዘጋም።