መልስ፦ የቤት ኢንተርኔት በድንገት ሲቋረጥ

እህቴ፣ አራት ኪሎ ከቤትዎ ሲሠሩ ኢንተርኔቱ ድንገት እንደተቋረጠና ነገ ጠዋት የሚላክ ሥራ እንዳለብዎ ጽፈዋል። አይዞዎት፤ በመጀመሪያ ኢንተርኔቱን የሚያከፋፍለውን መሣሪያ (ራውተሩን) መብራቶች ይመልከቱ። መስመርዎ ፋይበር (መረጃን በብርሃን የሚያመላልስ ቀጭን ገመድ) ከሆነና «ሎስ» (LOS) የሚል ጽሑፍ ያለበት መብራት ቀይ ከሆነ፣ ከውጭ የሚመጣው ብርሃን መሣሪያው ዘንድ እየደረሰ አይደለም። ቀጭኑ ገመድ በሶፋ ወይም በበር ተጨፍልቆ እንዳይሆን ይዩ፤ ውስጡ መስታወት ስለሆነ ክፉኛ ከታጠፈ ብርሃን አያሳልፍም። ገመዱ ደህና ከሆነ ችግሩ ምናልባት ከግቢዎ ውጭ ነው፤ መሣሪያውን ደጋግሞ ማጥፋትና ማብራት ከንቱ ድካም ይሆናል።

አንድ ነገር ግን አደራ እላለሁ፦ ከመሣሪያው ኋላ ያለችውን ትንሽ የ«ሪሴት» ቀዳዳ በመርፌ እንዳይነኩ! መሣሪያው ላይ የተሞላው የመስመር መረጃ ሊጠፋና መስመሩ ተመልሶም ቴክኒሻን ሊያስጠብቅዎ ይችላል። ሰዎች ተጨንቀው ይህን ሲያደርጉ ሳይ ከልቤ አዝናለሁ።

ለአቅራቢው ደውለው የአቤቱታ ቁጥር ይቀበሉ፤ የጎረቤትም ጠፍቶ እንደሆነ ጠይቀው አብረው ያመልክቱ።

ለዛሬ ማታ የስልክዎን ዳታ በዩኤስቢ ገመድ ለኮምፒውተሩ ያጋሩ፤ ስልኩም እግረ መንገዱን ኃይል ይሞላል። አስቀድመው ግን የኮምፒውተሩን ራስ ሰር ማዘመኛና የፎቶግራፍ መጠባበቂያውን ያጥፉ፤ አለበለዚያ ጥቅሉን ሳያውቁት ይጨርሱታል። አስቸኳይ ክፍያ ካለብዎ ቴሌብር በ*127#፣ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክም በ*889# ያለ ኢንተርኔት ይሠራሉ። ለማንበብና ለመጻፍ ጸጥታ ከፈለጉ ደግሞ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት እዚያው ሰፈርዎ ነው።