ቁጥሩ ከየትኛው ሴል መጣ?

ልጆቼ፣

ከማህፀን በር ጫፍ የተወሰደ ናሙና ላይ ኢንዛይም ስትለኩ መሣሪያው ያወጣላችሁን ቁጥር ለማመን አትቸኩሉ። እኔ ጀማሪ ሳለሁ ቸኩዬ ነበር። ላክቴት ዲሃይድሮጅኔዝ የተባለውን ኢንዛይም እየለካን ሳለ የአንዷ ሴት ውጤት ከሁሉም በልጦ ወጣ። ደስ ብሎኝ መዝገብ ላይ አሰፈርኩት። ኃላፊዬ ምንም ሳይናገሩ ቱቦውን አንስተው ወደ መብራት ያዙት። ፈሳሹ ቀላ ብሏል። ቀይ የደም ሴሎች ፈንድተው በውስጣቸው የነበረውን ኢንዛይም ለቀውታል። ከማህፀን በር ጫፉ ቁስል የመጣ ነው ብዬ የጻፍኩት ቁጥር የደሙ ነበር። ያን ውጤት በጭንቀት የምትጠብቅ ሴት እንደነበረች ሳስብ ዛሬም ይከብደኛል።

ኢንዛይሞቹ ግን ብዙ ይነግሩናል፤ ዕድሜዬን የሰጠሁትም ለዚህ ነው። ከማህፀን በር ጫፍ ካንሰር 70 በመቶ ያህሉ የሚመጣው ኤችፒቪ ከተባለው ቫይረስ 16 እና 18 ዓይነቶች ነው። የቫይረሱ ኢ6 ፕሮቲን የሴሉን ጠባቂ ፒ53ን ያስወግዳል፤ ቴሎመሬዝ የተባለውን ኢንዛይምም ይቀሰቅሳል። የክሮሞሶሙ ጫፍ እያጠረ መቆም የነበረበት ሴል ያኔ መከፋፈሉን ይቀጥላል። ኤምኤምፒ-2 እና ኤምኤምፒ-9 የተባሉት ኢንዛይሞች ደግሞ ከሴሎቹ ሥር ያለውን ስስ ሽፋን ይቆራርጣሉ። ሽፋኑ እስካልተጣሰ ድረስ በሽታው ቅድመ ካንሰር ነው። ሲጣስ ስሙም ሕክምናውም ይለወጣል።

እዚህ ላይ ተጠንቀቁ፤ ኤምኤምፒ-9ን ኒውትሮፊል የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎችም ተሸክመውት ይዞራሉ። ተራ ኢንፌክሽን ያለባት ሴት ናሙና ከፍ ያለ ቁጥር ሊሰጣችሁ ይችላል። ስለዚህ ከቁጥሩ በፊት ስላይዱን በማይክሮስኮፕ እዩት፤ የነጭ የደም ሴል ብዛት ራሱ ያስጠነቅቃችኋል።

ሲን 1 የሚባለው ቀላል የማህፀን በር ጫፍ ሴሎች ለውጥ አብዛኛውን ጊዜ ያለ ሕክምና ይጠፋል። ስለዚህ ጤነኛዋን ከታመመችው የሚለይ ኢንዛይም ማግኘት ብቻውን አይበቃም። ቁስሉ ወደፊት የሚገፋው የትኛዋ ላይ እንደሆነ ሊነግረን ይገባል። ያንን የምታውቁት ደግሞ ብዙ ሴቶችን በአንድ ቀን በማወዳደር ሳይሆን አንዷን ሴት ደጋግሞ በማየት ነው። አድካሚ ሥራ ነው፤ አትሽሹት።

ናሙና ስትረከቡ የፈሳሹን ቀለም፣ የተወሰደበትን ሰዓትና ኢንፌክሽን መኖር አለመኖሩን ከቁጥሩ ጎን ጻፉ። በሚቀጥለው ጉብኝቷ ያንኑ ገጽ ከፍታችሁ ጠብቋት።