ቶምብ ሬይደርን በፕሌይስቴሽን ቤት ለማሳየት ላሰብከው ወንድሜ

«ፍኖተ ሰላም ላይ ፕሌይስቴሽን ቤት አለኝ፤ ቅዳሜ ማታ ከጌም የተሠራ ፊልም ላሳይ ነው፤ በቶምብ ሬይደር ልጀምር? ፈቃዱስ ያስቸግራል?» ብለህ ለጠየቅከው ወንድሜ። እኔ ቡሬ ላይ ይህንኑ ሠርቻለሁ። ስለ ቤት ኪራይና ስለ ቴሌቪዥን አልነግርህም፤ እሱን አልፈኸዋል። ቀጥታ ወደሚያቃጥለው ልግባ።

1. የትኛው ቶምብ ሬይደር? እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይምታታበታል። አንጀሊና ጆሊ የሠራችው እ.ኤ.አ. በ2001 ወጣ፤ በ2003 ደግሞ ተከታዩ መጣ። አሊሲያ ቪካንደር የሠራችው የ2018ቱ ነው። አንተ በ2018ቱ ጀምር። ምክንያቴ የፊልም ጥበብ እንዳይመስልህ። ምክንያቴ ቁምጣ ነው።

ለፈቃድ ማመልከቻ ሳስገባ የጆሊን ፖስተር አብሬ አያይዤ ነበር። ያምራል ብዬ። ቢሮው ውስጥ የነበረው ሰውዬ ማመልከቻዬን ሳያነብ የሻይ ብርጭቆውን አስቀመጠበት። እርጥብ ክብ ምልክት ስሜ ላይ ቀረ። ከዚያ ፖስተሩን አንስቶ ራቅ አድርጎ አየው፣ ቀረብ አድርጎ አየው። «ይቺ ሴትዮ በቁምጣ ሁለት ሽጉጥ ታጥቃ ለወጣቱ ምን ልታስተምርልህ ነው?» አለኝ። ወሩ ደግሞ ዐቢይ ጾም ነው። የፊልሙ ዋና ገጸ ባሕሪ ላራ ክሮፍት ናት፤ የ2018ቷ ላራ ሱሪ ለብሳ ቀስት ይዛ ነው የምትሮጠው። እሷን አያይዤ ቢሆን ኖሮ ግማሹ ጣጣ አይመጣም ነበር።

ግማሹ ያልኩህ ሌላኛው ግማሽ ስላለ ነው። «ጋሼ፣ ከጌም የተሠራ ፊልም ነው» አልኩት። «ጌም ከሆነ እኛን አይመለከትም፤ እዚያኛው ቢሮ ሂድ።» ሄድኩ። እዚያኛው ቢሮ ደግሞ «ፊልም ከሆነ እኛን አይመለከትም» አለኝ። ኃላፊው ስብሰባ ናቸው፣ ነገ ና፣ ማህተም ያዡ ወጥቷል። እኔ የምለፋው ለሥራ ነው፤ እነሱ ያንን ፊልም ይሁን ጌም እስኪስማሙ ድረስ ቤቴ በኪራይ ይበላኛል።

የሚገርምህ መጠየቅ የነበረባቸውን አንዱም አልጠየቀኝም። የቅጂ መብት አዋጅ አለ፤ ቁጥር 410/1996 ዓ.ም.። ሰው የሠራውን ፊልም ገንዘብ እየተቀበልክ ለሕዝብ ስታሳይ የባለመብቱ ፈቃድ ያስፈልጋል። ያን ቢጠይቁኝ ላቤ ጠብ ይል ነበር። አንተን ግን የሚጠይቅህ ሊመጣ ስለሚችል መግቢያ ከማስከፈልህ በፊት ይህን ጉዳይ አጣራ። ቀልድ አይደለም።

በመጨረሻ ያወጣችኝ መስኮት ላይ የምትሠራ አንዲት ልጅ ናት። «አዲስ ፈቃድ ለምን ትጠይቃለህ? ባለህ ንግድ ፈቃድ ላይ ፊልም ማሳየት የሚል ዘርፍ አስጨምር» አለችኝ። በቃ፣ ይኸው ነበር። ስለ ጌም ደግሞ አንድም ቃል እንዳትተነፍስ። ፊልም ነው በል።

2. ደንበኞችህ ላራ ክሮፍትን ያውቋታል ብለህ እንዳታስብ። ያንተም ቤት እንደኔ ቤት ከሆነ የሚጫወቱት ኳስ ነው። ተሸናፊ ይከፍላል፣ ተረኛ ይቀመጣል፣ ጠብ ይነሳል። ጌሙ እንግሊዝ አገር ደርቢ በምትባል ከተማ ኮር ዲዛይን የሚባል ድርጅት በ1996 እ.ኤ.አ. ያወጣው ነው ብለህ ብትደሰኩር ማንም አይሰማህም። ስለዚህ ጌሙን የጨረሰ አንድ ልጅ ፈልግና በነፃ አስገባው። ፊት ወንበር ላይ አስቀምጠው። ይህ ምክር ከሁሉም ይበልጣል፤ እንዴት እንዳወቅኩት ልንገርህ።

የ2018ቱ ፊልም የተቀዳው በ2013 ከወጣው ጌም ነው። ላራ በወንዝ ተወስዳ ፏፏቴ አፋፍ ላይ የተንጠለጠለ የዛገ አውሮፕላን ላይ የምትወጣበት ቦታ አለ። ጌሙም ላይ አለ። ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቷል። ከፊት አንድ የአስራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነበር፤ ባሕር ዳር ዘመዶቹ ቤት ከርሞ ጌሙን የጨረሰ። አየሁት። ሁለት አውራ ጣቶቹ ባዶ አየር ላይ ይጫናሉ፣ ጆይስቲክ የያዘ ይመስል። አውሮፕላኑ ሲሰነጠቅ መብራት ሄደ።

ጩኸት። ፉጨት። «ብራችንን!» የሚል አለ። ልጁ ተነሣና «ዝም በሉ፣ እኔ እጨርስላችኋለሁ» አለ። በስልክ መብራት ቆሞ ተረከው። ያማታይ ስለምትባል ደሴት፣ ሂሚኮ የምትባል ንግሥት ነፍሷን ከአንዲት ልጃገረድ ወደ ሌላዋ እንዴት እንደምታዛውር፣ ማንም ከደሴቷ እንዳይወጣ ማዕበል እንዴት እንደምታስነሳ። የላራ ጓደኛ ሳም ለንግሥቲቱ ልትሰጥ ስትል ሰዉ ትንፋሹን ዋጠ። አንድም ሰው ብሩን አልጠየቀም።

መብራት መጣ፣ ፊልሙ ቀጠለ። ፊልሙ ላይ ግን ሳም የለችም። ላራ የምትፈልገው የጠፋ አባቷን ነው። ንግሥቲቱም ጠንቋይ አይደለችም፤ ተላላፊ በሽታ ተሸክማ፣ ሕዝቧን እንዳትጨርስ ብላ ራሷን ያስቀበረች ናት። ለእኔ ይህ ጥሩ ሐሳብ ነበር፤ አሁንም እላለሁ። ሰዉ ግን «ፊልሙ ተሳስቷል፣ ልጁ የነገረን ነው እውነቱ» ብሎ ድርቅ አለ። በማግስቱ ከተማው ስለዚያ ልጅ እንጂ ስለ ቪካንደር አላወራም። ከዚያ በኋላ ልጁን ደመወዝ ሰጥቼ ከፊልሙ በፊት እንዲተርክ አደረግኩት። ቡሬ ላይ ይህን የጀመርኩት እኔ ነኝ፤ ሌሎቹ ኋላ ቀዱት።

3. ትልልቅ ሰዎች ከመጡልህ የጆሊውን፣ የ2001ዱን፣ ያኔ አውጣው። ፖስተሩን ግን አትለጥፍ። እዚያ ላይ ካምቦዲያ የተቀረጸ ክፍል አለ፤ ታ ፕሮም የሚባል ቤተ መቅደስ፣ በእኛ ቅዱስ ላሊበላ ዘመን አካባቢ የታነጸ። የዛፍ ሥር ድንጋዩን እንደ ዘንዶ ጠምጥሞ ይዞታል። በርበሬ የሚነግዱ አንድ አባት ነበሩ። ተኩሱን ሁሉ እያንቀላፉ ያሳለፉት ሰውዬ እዚህ ጋ ሲደርስ ቀና አሉ። «የእኛ ቤተ ክርስቲያን ደን ውስጥ ነው፤ ይኼን ግን ደኑ ውጦታል። ቄስ የለውም እንዴ?» አሉ። ያ ክፍል እንዲደገምላቸው አስቆሙኝ። የጆሊ አባት ሆኖ የሚሠራው ጆን ቮይት የእውነትም አባቷ ነው ስላቸው ደግሞ ከፊልሙ ይልቅ እሱን ወደዱት።

ፕሪንስ ኦፍ ፐርሺያንም (እሱም ከጌም የተሠራ፣ እ.ኤ.አ. የ2010ሩን ፊልም) እንዳትረሳ። የድሃ ልጅ ንጉሥ አሳድጎት ልዑል ሲሆን እናቶች ሳይቀሩ ያያሉ።

4. ጄኔሬተር የግድ ነው፤ ሁልጊዜ የሚተርክ ልጅ አይገኝም። አዲስ ከመግዛትህ በፊት ግን በውስጥ መስመር ጻፍልኝ። የኔው ያለ ሥራ ቆሟል፣ በአንድ ገመድ ይነሳል፣ ቡሬ መጥተህ አስነሥተህ ታየዋለህ። በዋጋው አንጣላም።